የሦስት ሺህ ብር መህር

 

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ገንዘብ ነው። «የመድረሳ አስተማሪን ከባንክ ነገር ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ። ወለድ አልበላሁም፣ አላበላሁም፤ ስለዚህ ብሔራዊ ባንክ ወለድን ከፍ አደረገ ዝቅ አደረገ የሚባለው ወሬ ከእኔ ደጅ አይደርስም ብዬ አምን ነበር። ደጄን አልፎ ከጓዳዬ ከገባ ብዙ ዓመት እንደሆነው ያወቅሁት በልጄ የኒካሕ ጉዳይ ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትልቋን ልጄን እጅ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ዱዓ ተደረገ፣ ቡና ተጠጣ፣ ወሬው ወደ መህር ዞረ። የልጁ ወገኖች «መህሩ 60 ሺህ ብር ይሁን፤ ልጁ ገና ሥራ ጀማሪ ስለሆነ ለጊዜው ጥቂት ሰጥቶ ቀሪው በኋላ ይከፈላል» አሉ። ነገሩ በአገራችን የተለመደ ነውና እኔም ራሴን ነቀነቅሁ፤ እንግዶቹም ደስ ብሏቸው ተነሱ። ልጄ ስኒውን እያጣጠበች፣

«አባዬ፣ የእማዬ መህር ስንት ነበር?» አለችኝ።

«ሦስት ሺህ ብር።»

«ሰጠሃት?»

መልስ አጣሁ። ኒካሕ ያሰርነው በ1993 ዓ.ም. ነበር። ያን ዕለት አንድ ሙስሐፍና አንድ ልብስ ሰጠሁ፤ ሦስት ሺው ብር «በኋላ ይከፈላል» ተብሎ ምስክሮች ተቆጠሩበት። ያ «በኋላ» 25 ዓመት ሆነው። ባለቤቴ ዝምታዬን አይታ ሳቀችና ለልጅቷ፣ «ተይው ልጄ፤ ያኔ ሁለት በሬ ይገዛ ነበር፣ አሁን ሁለት ዶሮ ሆኗል» አለቻት። ሳቋ ወቀሳ አልነበረበትም። እኔን የከበደኝም ወቀሳ የሌለበት መሆኑ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዕዳውን ክጄ አላውቅም። በደብተሬ ጽፌዋለሁ፤ ብሞት ከውርስ በፊት እንዲከፈል ተናዝዣለሁ። ቁጥሩም አልተነካም፤ ሦስት ሺህ ብር ነበር፣ ሦስት ሺህ ብር ነው። ታዲያ ሁለቱን በሬ ማን በላቸው? ቀድሞ ቢሆን «ነጋዴው ነዋ!» ባልኩ ነበር። ለተማሪዎቼም ስለ ዋጋ መወደድ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው የነጋዴውን ስግብግብነት ነበር። እህልን አከማችቶ ሰው እስኪቸገር መጠበቅ፣ ኢሕቲካር፣ በእርግጥም ሐራም ነው። ነገር ግን ስግብግብ ነጋዴ በ1993ም ነበረ። ስግብግብነት ብቻውን በሬን ወደ ዶሮ የሚያወርድ ቢሆን ኖሮ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ በሬ ባልተረፈ ነበር።

በሳምንቱ አንድ የቀድሞ ተማሪዬን ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጊዱ በረንዳ ላይ አገኘሁት። ልጁ ሒሳብ አጥንቶ ከወለድ ነፃ በሆነ የባንክ አገልግሎት ውስጥ ይሠራል። ጥያቄዬን ሳቀርብለት፣ «ኡስታዝ፣ የበሬው ዋጋ ጨመረ ከሚሉ የብሩ ዋጋ ቀነሰ ቢሉ ነገሩ ይቀልልዎታል» አለኝ። ከዚያም እስከ መግሪብ አስረዳኝ። የገባኝን ያህል ላካፍላችሁ።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ እንደኛ ካለ ግለሰብ ገንዘብ ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ባንክ አይደለም፤ የባንኮች ባንክ፣ የመንግሥትም ባንክ ነው። ብሩን የሚያሳትመውም እሱ ነው። ገንዘብ ግን የሚበዛው በማተሚያ ቤት ብቻ አይደለም። አንድ ባንክ ለነጋዴ አንድ ሚሊዮን ብር ሲያበድር ብዙውን ጊዜ ኖት ቆጥሮ አይሰጠውም፤ በሒሳቡ ላይ ቁጥር ይጽፍለታል። ያ ቁጥር ግን እንደማንኛውም ብር ሲሚንቶና ስንዴ ይገዛል። መንግሥትም ወጪው ከገቢው ሲበልጥ ከብሔራዊ ባንኩ በቀጥታ ከተበደረ እንዲሁ አዲስ ገንዘብ ወደ ገበያ ይገባል። ገንዘቡ ሲበዛ ስንዴው፣ በሬውና ቤቱ በዚያው ልክ ካልበዛ፣ ብዙ ብር ጥቂት ዕቃን ያሳድዳል። የዋጋ ንረት የሚባለው አንዱ ትልቅ ሥሩ ይህ ነው። ድርቅ፣ ጦርነት፣ የነዳጅና የማዳበሪያ ዋጋ፣ የዶላር መወደድም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ብርን የሚያሟሟ ነገር ሲታይ የገንዘቡን ብዛት መጠየቅ ግድ ነው።

ታዲያ ብሔራዊ ባንኩ ይህን በምን ይገታል? አንደኛው ልጓም ወለድ ነው። ባንኮች እርስ በርሳቸውና ከብሔራዊ ባንኩ ጋር ገንዘብ ይበዳደራሉ። ብሔራዊ ባንኩ ለዚህ መነሻ የሚሆን ተመን ያወጣል። ተመኑ ከፍ ሲል ባንኮች ገንዘብ የሚያገኙበት ዋጋ ይወደዳል፤ እነሱም ለነጋዴው የሚያበድሩበትን ወለድ ከፍ ያደርጋሉ። ነጋዴው ብድሩ ሲከብደው ግዢውን ይቀንሳል፣ ቤት ሠሪው ይታገሳል፤ አዲስ የሚጻፈው ቁጥር ይቀንሳልና ዋጋም የሚሮጥበት ፍጥነት ይበርዳል። ተመኑ ዝቅ ሲል ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ይሆናል፤ ብድር ይረክሳል፣ ሥራ ይንቀሳቀሳል፣ ልጓሙ ከላላ ግን ዋጋ ይሸፍታል። የወለድ ተመኑ ሥራው በቀን በሁለት ቀን አይታይም፤ ወራት ይፈጃል። ሁለተኛው ልጓም ቀጥተኛ ነው፤ ባንኮች በዓመት ብድራቸውን ከዚህ በላይ አታሳድጉ ብሎ ጣሪያ ማበጀት።

በአገራችን የሆነውን በዚህ መነጽር እንየው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር ከውጭ ገንዘብ አንጻር በ15 ከመቶ እንዲወርድ ሲደረግ፣ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 ከመቶ ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ የዋጋው ንረት እየባሰ ሄዶ በ2014 ከ30 ከመቶ በላይ ሆነ። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንኩ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 ከመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አበጀ፤ መንግሥት በቀጥታ የሚበደረውንም ለመገደብ ወሰነ። የብድር ጣሪያው ከዚያ ወዲህ በየደረጃው ከፍ ተደርጓል። በሐምሌ 2016 ደግሞ በወለድ ተመን ላይ ወደ ቆመ አሠራር ተሸጋገረ፤ የመጀመሪያው ተመንም 15 ከመቶ ሆነ። በዚያው ወር መጨረሻ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በሰኔ 2016 ወደ 20 ከመቶ ተጠግቶ የነበረው ዓመታዊ ንረት በ2017 መገባደጃ ወደ 14 ከመቶ አካባቢ ወርዷል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተውን ልንገራችሁ። «ንረቱ ቀነሰ» ሲባል ዋጋው ቀነሰ ማለት አይደለም። በ100 ብር ይገዛ የነበረ ዕቃ በ20 ከመቶ ጨምሮ 120 ብር ቢገባና በሚቀጥለው ዓመት 14 ከመቶ ብቻ ቢጨምር፣ 137 ብር ገደማ ይሆናል እንጂ ወደ 114 አይመለስም። የቀነሰው የሩጫው ፍጥነት ነው። የሄደው መንገድ ግን ሄዷል። የባለቤቴም በሬዎች አይመለሱም።

አንባቢ ሆይ፣ አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ተማሪዬን፣ «ወለድ የሚበሉት ከዚህ ጉዳት ተርፈዋል ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ፈገግ አለና፣ «7 ከመቶ ወለድ ተቀብሎ ዋጋው 30 ከመቶ ሲጨምር ምን ተረፈው? 100 ብሩ 107 ሆነለት፣ በ100 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን 130 ብር ገባ። ሐራሙንም በላ፣ ከሰረም» አለኝ። «ታዲያ ማን አተረፈ?» አልኩት። «ባለዕዳው ነዋ ኡስታዝ! ዛሬ በሬ የሚገዛ ብር የወሰደ፣ ነገ ዶሮ በማይገዛ ብር ይከፍላል። በዘገየ ቁጥር ያተርፋል።»

ባለዕዳው ያተርፋል! በዘገየ ቁጥር! ይህን ስሰማ ከራሴ ላይ ውኃ የፈሰሰብኝ መሰለኝ። ወለድ አልበላሁም ብዬ ስመካ በቤቴ ውስጥ ባለዕዳው እኔ ነበርኩ። ሁለቱን በሬ ሌላ ማንም አልበላቸውም፤ የበላሁት እኔ ነኝ። ብሔራዊ ባንኩ የብሩን መሟሟት አፍጥኖትም አቀዝቅዞትም ሊሆን ይችላል፤ 25 ዓመት ማዘግየቱ ግን የእኔ ሥራ ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ በሁለተኛው ዓመት መክፈል አቅቶኝ አልነበረም። በ1997 ለቤቱ ቆርቆሮ ስገዛ መክፈል እችል ነበር። እሷ አልጠየቀችም፣ እኔም አላነሳሁም። የሚከፍል እያለው የሚያዘገይ ሰው ግፍ እንደሚሠራ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል፤ ይህን ሐዲስ ስንት ጊዜ ለልጆች አስቀርቻለሁ!

ወደ ኪታቦቹ ተመለስኩ። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ግብፃዊው ታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ በካይሮ የገበያ ተቆጣጣሪ የነበሩ ሰው ናቸው። በ808 ሒጅራ ገደማ «ኢጋሠተል ኡማ» የተባለውን መጽሐፋቸውን ሲጽፉ፣ በዘመናቸው ሕዝቡን ካስጨነቀው የዋጋ መናር ምክንያቶች መካከል ገዢዎች ያበዙትን የመዳብ ገንዘብ፣ ፉሉስን፣ ቆጥረዋል። ወረቀትም ሆነ መዳብ፣ ሲበዛ ይረክሳል። ፉሉስ ዋጋው ሲለወጥ ቀድሞ የተገባ ዕዳ እንዴት ይከፈል የሚለውም ጉዳይ ፉቀሃዎችን አነጋግሯል። ብዙዎቹ በዓይነቱ፣ በቁጥሩ ይከፈል ሲሉ፣ የአቡ ሐኒፋ ተማሪ የሆኑት ኢማም አቡ ዩሱፍ ግን ውሉ በተገባበት ቀን የነበረው ዋጋ ይታሰብ ብለዋል። በዘመናችን ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው 5ኛ ጉባኤ፣ በአንድ ገንዘብ የተያዘ ዕዳ በዋጋው ሳይሆን በአምሳያው እንደሚከፈል፣ ዕዳንም ከዋጋ መናር ጋር አስሮ መጨመር እንደማይፈቀድ ወስኗል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በር ከተከፈተ «ለንረቱ ማካካሻ» እየተባለ ሪባ ስሙን ለውጦ ይገባልና።

ስለዚህ በፍርድ ቢሆን ባለቤቴ የሚደርሳት ሦስት ሺህ ብር ነው። ይህን ሳነብ ነፍሴ ትንሽ ደስ ልትሰኝ ዳዳች። ግን ዲናችን በፍርድ ብቻ አያበቃም፤ ከፍርድ በላይ ኢሕሳን አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ግመል ተበድረው በዕድሜ የበለጠና የተሻለ ግመል መልሰዋል፤ ከሰዎች በላጩም አከፋፈሉ ያማረ መሆኑን ተናግረዋል። አስቀድሞ ያልተዋዋሉበት፣ አበዳሪው ያልጠየቀው፣ ተበዳሪው በገዛ ፈቃዱ የሚጨምረው ነገር ሪባ አይደለም፤ መልካም አከፋፈል ነው። አንድ ታላቅ ሸኻችንን ባማክራቸው፣ «ቁጥሩ ግዴታህ ነው፤ ከቁጥሩ በላይ ያለውን ከእሷ ጋር በሱልሕ ጨርሱት። ግን እያፈረች እንዳትለቅልህ ተጠንቀቅ» አሉኝ። ቁርኣን ሴቶች ከመህራቸው በራሳቸው ፈቃድ የተዉልንን እንድንበላ ሲፈቅድ፣ ፈቃዱ ከልብ የመነጨ እንዲሆን ነውና።

ሁለት በሬ ለመግዛት አቅሜ አይደርስም። ገጠር ከወንድሜ ዘንድ በእርቢ የቆየች አንዲት ጊደር ግን ነበረችኝ። ሦስት ሺውን ብር ቆጥሬ በእጇ ሰጠኋትና፣ «ይህ ግዴታዬ ነው። ጊደሯ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የአንቺ ናት፤ ሽጪያት፣ አርቢያት፣ አላዝሽም። የቀረውን አላህ ይወቀው፤ ከፈለግሽ ትጠይቂኛለሽ፣ ከፈለግሽ ትተዪዋለሽ፤ ዛሬ እንድትመልሺ አልፈልግም» አልኳት። አልሳቀችም። ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። ሁለት ጊዜ መቁጠሯ ብዙ ነገር ነገረኝ፤ በ25 ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሳትረሳው ኖራለች። ስለ ቀረው መልሷን የነገረችኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ እሱ ግን የእሷ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም።

የልጄ ኒካሕ ሲደርስ ሽማግሌዎቹን መልሼ አስቀመጥኳቸው። «60 ሺህ ብር ብዙ አይደለም፣ ጥቂትም አይደለም፤ ችግሩ ‹በኋላ› የሚለው ቃል ነው» ብዬ የራሴን ታሪክ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። አንደኛው ሽማግሌ «እንግዲያው በወርቅ ግራም ይሁን» አሉ። የልጁ እናት ግን፣ «ወርቁ ነገ ቢንርስ? ልጄ ዕድሜውን በዕዳ ይኑር?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ወርቅም በቦታው የቆመ ድንጋይ አይደለም፤ በእነዚህ ዓመታት በዓለም ገበያ እጅግ ወጥቷል። ዲናችንም መህር እንዲቀል ይወዳል። በመጨረሻ የተስማማነው ከሁሉ በቀለለው ነገር ነው፤ መህሩ ልጁ በእጁ ባለው ልክ ተቀነሰ፣ ሁሉም በኒካሑ ዕለት ተከፈለ። ልጄ ባነሰው ቁጥር አልተከፋችም። «የማይሟሟ መህር ነው» አለችኝ።

ውድ አንባቢ፣ ከዚህ ያገኘሁትን ጥቂት ነገር ለቤታችሁ ይጠቅም እንደሆነ ላስታውሳችሁ። በመህር ዕዳ ያለባችሁ ወንድሞች ዛሬውኑ ደብተራችሁን ግለጡ፤ ቁጥሩ እንዳለ ሆኖ ዋጋው እየሸሸ ነው። ለዘመድ በቀርደን ሐሰን የምታበድሩ፣ አበድሩ፤ ምንዳው ከአላህ ነው። ተበዳሪው በእውነት ከተቸገረ ጊዜ መስጠት የቁርኣን ትእዛዝ ነው። አንተ ተበዳሪው ግን ያገኘህ ቀን አትደር፤ ባሳደርከው ቁጥር ከወንድምህ ኪስ ሳታውቀው ትወስዳለህ።

የዘካ ነገርም እንዲሁ ነው። ኒሳቡ 85 ግራም ወርቅ ወይም 595 ግራም ብር ተብሎ በማዕድኑ የተወሰነ እንጂ በወረቀት ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ የአምናውን ቁጥር ይዛችሁ ዘንድሮ አትሥሩ፤ ዓመቱ ሲሞላ የዕለቱን የገበያ ዋጋ ጠይቁ፣ ዑለሞቻችሁንም አማክሩ።

ከወለድ ነፃ ባንክንም በተመለከተ፣ በአገራችን በመስኮት ደረጃ ተጀምሮ በ2013 ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ሲጀምር ያለቀስን ብዙ ነን። ይህ የአላህ ጸጋ ነው። ሆኖም ከባሕሩ ውጭ ነው ብለን አናስብ። በሙራበሓ ዕቃ ገዝቶ በትርፍ ሲሸጥልን ትርፉን የሚተምነው ገበያውን አይቶ ነው፤ የገበያውን ወለድ የሚመራው ተመን ጥላው እዚያም ያርፋል። ማሌዥያ እ.ኤ.አ. በ1994 ባንኮች ያለ ወለድ እርስ በርስ ገንዘብ የሚለዋወጡበት ገበያ አቋቁማለች። የእኛም ልጆች ሒሳቡንም ፊቅሁንም አጥንተው እንዲህ ያለ መንገድ እንዲያበጁ እናስተምራቸው። የሐራምን አሠራር ማወቅ ሐራምን መውደድ አይደለም፤ ከየት በኩል እንደሚገባብን ማወቅ ነው።

ብሔራዊ ባንኩ ነገ ተመኑን ምን ያህል እንደሚያደርገው እኔና እናንተ አንወስንም። በጃችን ያለው አንድ ነገር ነው፤ የሰው ሐቅ በእጃችን ሳይሟሟ ማድረስ። አላህ (ሱ.ወ.) የሰው ሐቅ በአንገታችን ሳይኖር እሱን ከሚገናኙት ያድርገን። አሚን።